ስለ ማኅፀን በር ነቀርሳና በሕዋሳችን መዝገብ ውስጥ ስለሚጠረዘው ባዕድ ገጽ



በዚህች ወርኃዊ ጽሑፋችን አዘውትረን የምንነጋገረው ስለ ውኃ ንጽሕና፣ ስለ ዝንብና ስለ ወባ ትንኝ ነው። እነዚህ በዓይን የሚታዩ ወይም በየጓሮው ተፈልገው የሚገኙ ጠላቶች ናቸው። በዚህ ወር ግን ሲገባ ስለማይታወቅ፤ ከገባም በኋላ ብዙ ዓመት ሳያሳምም ስለሚቈይ ጠላት ለመጻፍ ተነሥተናል። ያነሣሣንም ከመምህራን ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነው፤ «የማኅፀን በር ነቀርሳ ከቫይረስ የሚመጣ ከሆነ እንደ ኩፍኝ ወይም እንደ ጉንፋን በጥቂት ቀን ውስጥ ለምን አይታይም? አንዲት እናት ልጆቿን ወልዳና አሳድጋ፤ ዕድሜዋ አርባ አምስት ከሞላ በኋላ የሚነሣባት ይህ ሕመም እስከዚያ ድረስ የት ተቀምጦ ነው የቈየው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም በሚገባ ያወቀ ሰው ምርመራው ለምን በተወሰነ ዕድሜ እንደሚደረግ፤ ክትባቱ ለምን ገና ለልጃገረዶች እንደሚሰጥ፤ ባልና ሚስትም በዚህ ሕመም ምክንያት ሊወቃቀሱ የማይገባቸው ስለ ምን እንደሆነ ከዚያው ከመልሱ ሊያገኘው ይችላል።

አስቀድመን የነገሩን ክብደት እንመልከት። በሀገራችን ይህ ሕመም ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ የነቀርሳ ዐይነት ነው። ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2020 ዓመት ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዚያ ዓመት 7,445 ሴቶች በዚህ ሕመም መያዛቸው ሲታወቅ 5,338 ሴቶች ደግሞ ሞተውበታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፤ ዓ.ም. ካላልን በስተቀር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱን ቍጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ነገሩ እጅግ ያሳዝናል፤ በአሥር አዲስ ታማሚ አንጻር ሰባት ያህል ሞት ማለት ነውና። እንዲህ የሆነው ሕመሙ መድኃኒት የሌለው ስለሆነ አይደለም። ታማሚዋ ወደ ሐኪም ቤት የምትመጣው ነገሩ ከረፈደ በኋላ በመሆኑ ነው።

የማኅፀን በር የምንለው ማኅፀን ወደ ታች ጠብቦ የሚያልቅበት አንገት ነው። በዚህ ስፍራ ከውስጥ የሚመጣው ስስ ሽፋንና ከውጭ ያለው ድርብርብ ሽፋን ይገናኛሉ። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንደሚያውቀው ጨርቅ ቶሎ የሚተረተረው በስፌቱ በኩል ነው፤ በዚህም የሁለት ሽፋኖች መገናኛ ላይ ሕዋሳቱ ዘወትር እየተለዋወጡ ስለሚኖሩ ነቀርሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

የሕመሙን መንስኤ ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። በ1842 ሪጎኒ ስተርን የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም የቬሮናን ከተማ የሞት መዝገብ ሲመረምር የማኅፀን ነቀርሳ ባገቡ ሴቶች ላይ ሲበዛ በመነኮሳይያት ላይ ግን እምብዛም እንደማይገኝ አስተዋለ። ከዚህም የተነሣ ሊቃውንት በሩካቤ የሚተላለፍ አንድ ነገር ሳይኖር እንደማይቀር መጠርጠር ጀመሩ። ነገር ግን ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ መካከል ላይም ሌላ ቫይረስ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ ቈይቶ ነበር። በመጨረሻም ጀርመናዊው ሊቅ ሐራልድ ዙር ሐውዘን ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው በ1983 ኤች ፒ ቪ 16፤ በ1984 ደግሞ ኤች ፒ ቪ 18 የተባሉትን ቫይረሶች ከነቀርሳው ሥጋ ውስጥ ለይተው አወጡ። ስለዚህም ሥራቸው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የኤች ፒ ቪ ዐይነቶች ከመቶ የሚበልጡ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከኪንታሮት የማያልፍ ጉዳት ያደርሳሉ፤ 16ኛውና 18ኛው ግን ሁለቱ ብቻቸውን በዓለም ላይ ከሚገኘው የማኅፀን በር ነቀርሳ ሰባ በመቶ ያህሉን ያመጣሉ።

የሊቁ ግኝት ቫይረሱን በስም ከማወቅ ያለፈ ነው። ቫይረሱ በነቀርሳው ሕዋስ ውስጥ የተገኘው እንደ እንግዳ ለብቻው ተቀምጦ ሳይሆን የገዛ ጽሑፉ ከሴትዮዋ የዘር ጽሑፍ ጋራ ተሰፍቶ ነበር። የዚህ የወር ጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን ልንገልጸው እንወዳለን።

እያንዳንዱ ሕዋሳችን የአካላችን ሥራ የተጻፈበትን አንድ ታላቅ መዝገብ በውስጡ ይዞ ይኖራል። ሊቃውንት ዲ ኤን ኤ ይሉታል። የዚህ መዝገብ ፊደላት ቢቈጠሩ ሦስት ቢሊዮን ያህል ይሆናሉ። ሕዋሱ ለሁለት በተከፈለ ቍጥር መዝገቡ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይገለበጥና ለአዲሱ ሕዋስ ይሰጣል። ቫይረሱም የራሱ ጽሑፍ አለው፤ ነገር ግን 8,000 ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት፤ ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ እንደ ቀለበት የተያያዘ ትንሽ ጽሑፍ ነው። በሩካቤ ጊዜ በሚደርስ፤ ለዓይን በማይታይ መላላጥ በኩል ወደ ሽፋኑ ታችኛ ድርብ ይገባል። በዚያም ጊዜ ጽሑፉን ከሕዋሱ መዝገብ ጋራ አያጣምርም። በመዝገብ ገጾች መካከል እንደ ተሸጐጠ ቁራጭ ወረቀት ለብቻው ይቀመጣል እንጂ።

የተሸጐጠ ወረቀት ደግሞ ይወድቃል። ሽፋኑ ሲታደስ፤ የሰውነትም መከላከያ ሲነቃ፤ ቫይረሱ ከአሥሩ ሴቶች ከዘጠኙ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ ጠፍቶ ይሄዳል። ሴትዮዋ መምጣቱንም መሄዱንም ሳታውቅ ትኖራለች። ከጋብቻ በኋላ በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ ቫይረስ ያልነካው ሰው፤ ወንድም ሆነ ሴት፤ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቫይረሱ አለ ማለት ነቀርሳ አለ ማለት አይደለም፤ ይህን አንባብያን በብርቱ እንዲያስቡልን እንለምናለን።

ችግሩ የሚነሣው ወረቀቱ ሳይወድቅ ለብዙ ዓመታት ከቈየ ነው። በቁራጩ ወረቀት ላይ ከተጻፉት ትእዛዞች ውስጥ ለነገራችን የሚያስፈልጉን ሦስት ናቸው። ሊቃውንቱ «ኢ 6» እና «ኢ 7» ብለው የሰየሟቸው ሁለቱ ሕዋሱን «አትረፍ፤ ተባዛ» እያሉ የሚያስገድዱ ናቸው። ሦስተኛው «ኢ 2» ደግሞ ሁለቱን የሚቈጣጠር አለቃ ነው፤ ከመጠን እንዳያልፉ ድምፃቸውን ያስቀንሳቸዋል። ቫይረሱ የሚኖርበትን ቤት ጨርሶ ማፍረስ ስለማይጠቅመው ልጓሙን ይዞ ነው የተፈጠረው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የሕዋሱ መዝገብ በልዩ ልዩ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ይሰበራል። ሕዋስም የተሰበረውን ወዲያው የመጠገን ልማድ አለው። በዚያው አጋጣሚ የቫይረሱ ቀለበት ተበጥሶ በአጠገቡ ከተገኘ፤ ጠጋኙ ሲቻኰል የባዕዱን ክር ከገዛ ክሩ ጋራ አጋጥሞ ይሰፋዋል። እንግዲህ ቁራጩ ወረቀት ከጥራዙ ጋራ ተጠረዘ ማለት ነው። የሚያሳዝነውም ቀለበቱ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በአለቃው በ«ኢ 2» ስፍራ ላይ መሆኑ ነው። አለቃው ተቈርጦ ይጠፋል፤ ሁለቱ አስገዳጆች ግን ሳይጐዱ በመዝገቡ ውስጥ ይቀራሉ። ከዚህ በኋላ የሚገታቸው የለም። የተጠረዘ ገጽ ደግሞ እንደ ተሸጐጠው ወረቀት አይወድቅም፤ መዝገቡ በተገለበጠ ቍጥር እርሱም አብሮ ይገለበጣል፤ ከእናት ሕዋስ ወደ ልጅ ሕዋስ፤ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል።

አንባቢ እዚህ ላይ ኤች አይ ቪን ማሰቡ አይቀርም፤ እርሱም ጽሑፉን ከሰው መዝገብ ውስጥ እንደሚያገባ ብዙ ተነግሯልና። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኤች አይ ቪ የመስፊያ መሣሪያውን ይዞ የሚመጣ ሲሆን ኑሮውም በመሰፋት ነው። ለኤች ፒ ቪ ግን መሰፋት ያልታሰበ አደጋ ነው፤ ከተሰፋም በኋላ አዳዲስ ቫይረሶችን ማውጣት ስለማይችል ለራሱም ዘሩ የሚቋረጥበት መንገድ ነው። እንግዲህ ይህ ነቀርሳ ለማንም የማይጠቅም፤ ቫይረሱንም ሴትዮዋንም የሚጐዳ የስፌት ስሕተት ነው።

ሁለቱ አስገዳጆች ሥራቸውን የሚሠሩት እንዴት ነው? ለድሬዳዋ ሰው ይህን በባቡር ማስረዳት ይቀላል፤ ከተማችን በ1902 ሐዲዱ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች፤ አባቶቻችንም በምድር ባቡሩ መጠገኛ እጃቸውን በዘይት ያጠቈሩባት ናትና። ከዚህ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባቡር ሊነሣ ሲል ሁለት ነገር ያስፈልገው ነበር፤ ፉርጎዎቹን እየዞረ አይቶ ብልሽት ሲያገኝ «አይነሣም» የሚል ተቈጣጣሪና በቍልቍለቱ ላይ የሚይዝ ፍሬን። በሕዋሳችንም ውስጥ እንደነዚህ ያሉ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። «ፒ 53» የተባለው ተቈጣጣሪው ነው፤ መዝገቡ ተበላሽቶ ሲያገኘው ሕዋሱ እንዳይከፈል ያቆመዋል፤ የማይጠገንም ከሆነ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል። «አር ቢ» የተባለው ደግሞ ፍሬኑ ነው፤ ጊዜው ሳይደርስ ሕዋሱ እንዳይባዛ ይይዘዋል። «ኢ 6» ተቈጣጣሪውን ያስጠፋዋል፤ «ኢ 7» ፍሬኑን ይፈታዋል። ተቈጣጣሪ ስለሌለ በየጊዜው የሚደርሰው ብልሽት ሳይታረም ይከማቻል፤ ፍሬን ስለሌለም የተበላሸው ሕዋስ ያለ ማቋረጥ ይባዛል። ነቀርሳ የሚባለው ይኸው ነው።

የእነዚህ ሁለት ትእዛዞች ኀይል ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ1951 በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች የአምስት ልጆች እናት በዚሁ በማኅፀን በር ነቀርሳ ታመመችና በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ስትታከም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሠላሳ አንድ ዓመቷ ሞተች። ሐኪሞቹ ከነቀርሳው ጥቂት ሥጋ ቈርጠው ለምርምር ወስደው ነበር፤ እርሷንም ቤተ ሰቧንም ሳያስፈቅዱ። ይህ አድራጎት እስከ ዛሬ ድረስ ሲያወቅስ ይኖራል፤ በእኛም አስተያየት የሚያስወቅስ ነው። ያ ሥጋ ግን ከዚያ በፊት የሰው ሕዋስ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ በጠርሙስ ውስጥ ሳይሞት እየተባዛ ቀጠለ፤ ዛሬም በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ «ሒላ» በተባለ ስም ይኖራል። የፖሊዮ ክትባት በተፈተነበት ጊዜ ያገለገለው ይኸው ሕዋስ ነው።

ኋላ ሲመረመር በሒላ ሕዋስ ውስጥ ኤች ፒ ቪ 18 ተጠርዞ ተገኘ። በ2013 የሕዋሱ ጠቅላላ መዝገብ በተነበበ ጊዜም ገጹ የተሰፋው በስምንተኛው ክሮሞሶም ላይ፤ ሕዋስ እንዲያድግ ከሚያዝ አንድ ጽሑፍ አጠገብ መሆኑ ታወቀ። ይህም የባሰ አጋጣሚ ነው፤ በስፌቱ ምክንያት ያ የጎረቤት ጽሑፍም ከልክ በላይ ጮኸ። ሁሉን የሚያስደንቀው ግን በ1990ዎቹ ዓመታት የተደረገው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎች የጠፋውን አለቃ «ኢ 2»ን መልሰው ወደ ሒላ ሕዋሳት ባስገቡ ጊዜ ሁለቱ አስገዳጆች ዝም አሉ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት ሲባዙ የኖሩት ሕዋሳትም መባዛታቸውን አቆሙ። ጠባቂዎቹ ሁለቱ አልሞቱም ነበርና፤ ታስረው ነበር እንጂ። ይህ ሙከራ የተደረገው በጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ለታመመ ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ገና አልሆነም።

ለእውነት ስንል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ነቀርሳው ሁሉ በዚሁ መንገድ ብቻ አይመጣም። በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ኤች ፒ ቪ 18 በተገኘባቸው የነቀርሳ ናሙናዎች ሁሉ ቫይረሱ ተሰፍቶ ተገኝቷል፤ ኤች ፒ ቪ 16 በተገኘባቸው ግን በሰባ ስድስት በመቶው ነው። በቀሩት ቀለበቱ ሳይበጠስ በሌላ መንገድ «ኢ 6» እና «ኢ 7» በርትተዋል። መንገዱ ይለያይ እንጂ አስገዳጆቹ እነዚያው ናቸው።

እንግዲህ ወደ መምህራኑ ጥያቄ እንመለስ። ሕመሙ የሚዘገየው በቫይረሱ መግባትና በነቀርሳው መነሣት መካከል ብዙ ደጃፎች ስላሉ ነው። ቫይረሱ ሳይወድቅ መቈየት አለበት፤ ከቈየም በኋላ ቀለበቱ መበጠስና መሰፋት አለበት፤ ከተሰፋም በኋላ ብልሽቱ በየጊዜው መከማቸት አለበት። በጤነኛ ሴት ይህ ሁሉ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የሰውነት መከላከያዋ በደከመ ሴት፤ በተለይም ያልታከመ ኤች አይ ቪ ባለባት፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሴቶች በዚህ ነቀርሳ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ትምባሆ ማጨስም መንገዱን ያፋጥናል።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በማኅፀኑ በር ላይ የሚታየው ገና ነቀርሳ አይደለም፤ መልኩ የተለወጠ ትንሽ ስፍራ ነው። ለውጡ ቀላል በሆነበት ጊዜ የቫይረሱ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ሳይሰፋ ይገኛል፤ ለውጡ እየከበደ በሄደ ቍጥር የተሰፋው እየበዛ ይመጣል። ሕመም ግን የለውም። ደምም ሽታም የለውም። ሴትዮዋ ገበያ ትወጣለች፤ ልጆቿን ታስተምራለች፤ ምንም አይሰማትም። ከሩካቤ በኋላ ወይም የወር አበባ ከቀረ በኋላ ደም መታየት፤ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፤ የወገብና የዳሌ ሕመም የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ነቀርሳው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። «አላመመኝምና ምን ልታይ እሄዳለሁ?» የሚለውን ንግግር በየሰፈሩ ስንሰማው የምናዝነው ስለዚህ ነው፤ ምርመራው የተዘጋጀው ላላመማት ሴት ነውና።

ስለ ባልና ስለ ሚስት የምንለው ደግሞ አለ። ይህ ቫይረስ በሩካቤ እንደሚተላለፍ የሰማ ባል ሚስቱ በታመመች ጊዜ ጥርጣሬ ሊገባው ይችላል፤ ሚስትም እንዲሁ ባሏን ልትጠረጥር ትችላለች። በዚህ ምክንያት የተመረመሩ ሴቶች ውጤታቸውን ሲደብቁ፤ ሌሎችም ምርመራውን ከነጭራሹ ሲሸሹ እናያለን። ነገር ግን ዛሬ የተገኘው ለውጥ ከ15 ዓመት በፊት ስለ ገባ ቫይረስ ሊመሰክር ይችላል። ቫይረሱ መቼና ከማን እንደ መጣ የሚያሳይ አንድም ምርመራ የለም። በሕይወቷ ከአንድ ባሏ በቀር ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴትም ልትያዝ ትችላለች፤ ባልየውም ከጋብቻ በፊት ሳያውቀው ተሸክሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት የክስ ማስረጃ አይሆንም። የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ባልና ሚስትን ሲያስታርቁ ይህን ቢያውቁ ብዙ ቤት ይድናል ብለን እናምናለን።

ምርመራውስ ምንድን ነው? በሀገራችን በብዙ ሐኪም ቤቶች የሚሠራበት ዘዴ እንደ አቼቶ ያለውን መራራ ፈሳሽ በመጠቀም የሚደረገው ነው። የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ ከ3 እስከ 5 በመቶ የተመጠነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክራ የማኅፀኑን በር ትቀባለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ለውጥ ያለበት ስፍራ ነጥቶ ይታያል፤ ጤነኛው መልኩን አይለውጥም። የነጣ ስፍራ ከተገኘና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በብርቱ ብርድ ወይም በሙቀት ወዲያው ይታከማል፤ ብዙ ጊዜ ሴትዮዋ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሌላው ዘዴ የቫይረሱን የገዛ ጽሑፍ፤ ማለት ዲ ኤን ኤውን የሚፈልግ ምርመራ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከሁሉ ያስቀደመው ይህን ነው። ሴትዮዋ ናሙናውን ራሷ ልትወስድ ስለምትችል ለምታፍር ሴት ይመቻታል። በሀገራችን መመሪያ ምርመራው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች የታሰበ ሲሆን ኤች አይ ቪ ያለባቸው ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ሠላሳ ዓመት የተመረጠው በከንቱ አይደለም፤ በሃያ ዓመት ዕድሜ የሚገኘው ቫይረስ አብዛኛው በራሱ የሚወድቅ ነውና።

አደራ የምንለው ነገር አለ። አቼቶ ተባለ ተብሎ በቤት ውስጥ በአቼቶ፣ በሎሚ ወይም በሌላ መራራ ነገር መታጠብ ፈጽሞ የማይገባ ነው። ፈሳሹ ያሳያል እንጂ አያድንም፤ በዘፈቀደ የተጠቀመችበት ሴትም ስስ ሽፋኗን አቃጥላ ለሌላ ሕመም ትዳረጋለች።

አሁን ደግሞ መምህራንን በተለይ የሚመለከተው ክትባቱ ነው። በሀገራችን የኤች ፒ ቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀመር የታሰበው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ በዓለም ላይ ክትባቱ አጥሮ ስለ ነበር ከዚያ በታች ላሉት በአንድ ጊዜ ማዳረስ አልተቻለም። ያን ጊዜ ሁለት መርፌ ይሰጥ ነበር፤ በ2022 ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች አንድ መርፌም ሊበቃ እንደሚችል አስታውቋል። ክትባቱ ቫይረሱ ሳይገባ በሩን የሚዘጋ ነው እንጂ የገባውን የሚያስወጣ፤ የተጠረዘውንም ገጽ የሚገነጥል አይደለም። ለልጃገረዶች የሚሰጠው ስለዚህ ነው፤ እናቶቻቸውንም ከምርመራ ነፃ አያወጣቸውም። የተከተቡትም ልጃገረዶች ዕድሜያቸው ሲደርስ መመርመር አለባቸው፤ ክትባቱ ነቀርሳ የሚያመጡትን ዐይነቶች ሁሉ አይከላከልምና።

ክትባቱ በትምህርት ቤት በሚሰጥበት ሰሞን በየገበያው የሚወራውን ሰምተናል። «መካን ያደርጋል»፤ «ቫይረሱን ራሱን ነው የሚወጉት» ይባላል። ይህን ወሬ መምህር በቍጣ ሳይሆን በማስረዳት ቢመልሰው ይሻላል፤ የሚጠይቁት ወላጆች ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው የሚጠይቁት። ማስረጃውም ከላይ ከተናገርነው ውስጥ አለ። ክትባቱ የሚሠራው ከቫይረሱ የውጭ ሽፋን ብቻ ነው፤ ሽፋኑም ከታማሚ ሰው ተወስዶ ሳይሆን በፋብሪካ ውስጥ፤ አንዱ ዐይነት በእርሾ አማካይነት፤ የሚሠራ ነው። ደብዳቤው የሌለበት ባዶ ፖስታ ማለት ነው። የሰውነት መከላከያ የፖስታውን መልክ አይቶ ይለምደዋል፤ እውነተኛው ሲመጣ ከደጅ ይመልሰዋል። «ኢ 6» እና «ኢ 7» የተባሉት ትእዛዞች በክትባቱ ውስጥ የሉም። በሽታውን ሊያስይዝ፤ ወይም በልጅቱ መዝገብ ውስጥ ነቀርሳ የሚያመጣ ገጽ ሊያስጠርዝ አይችልም። በብዙ አገሮች ከ2006 ጀምሮ ሲሰጥ ኖሮ የተከተቡት ልጆች አድገው ወልደዋል። ከመርፌው በኋላ ክንድ ማበጥ፣ ትንሽ ትኵሳት፤ አንዳንዷም ልጅ መፍዘዝ ሊኖርባት ይችላል፤ ስለዚህ ልጃገረዶቹ ከመወጋታቸው በፊት ቍርስ እንዲበሉ፤ ከተወጉም በኋላ 15 ደቂቃ ያህል በጥላ ሥር እንዲቀመጡ ማድረግ የመምህሩ ፈንታ ነው። በድሬዳዋ ቀትር ፀሐይ ላይ አሰልፎ ማቆም ያለ ክትባትም ቢሆን ሰውን ይጥላል።

በከተማችን አንዲት እናት አማርኛ ትናገራለች፤ ጎረቤቷ ኦሮምኛ፤ ሦስተኛዋ ሶማሊኛ። ይህች ጽሑፍ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ስለ ተጻፈች ያነበበ ሰው ላላነበበ ጎረቤቱ በሚገባው ቋንቋ ቢነግርልን ሥራችንን አገዘን ማለት ነው። ከመጋላ እስከ ከዚራ፤ ከሳቢያን እስከ ለገሀሬ ያለች ማናቸይቱም ሴት ምርመራው በቅርቧ የት እንደሚሰጥ የሰፈሯን የጤና ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያዋን ጠይቃ ትረዳ።

ለምርመራ የምትሄደው የወር አበባዋ በማይፈስበት ቀን ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጧን በማናቸውም ነገር አትታጠብ፤ መድኃኒትም አታስገባ፤ የሽፋኑን መልክ ይለውጠዋልና። ነፍሰ ጡር እንደሆነች፤ ቀደም ሲልም ተመርምራ እንደሆነ ውጤቱን ለነርሷ ትንገር። መመርመሩ ራሱ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት የሄደች ሴት ወረፋም ሳይበዛባት ትመለሳለች።